ለቲቢ መድኃኒት እምቢ ያለ ሳል፦ የሳንባ ካንሰርን መቼ እንጠርጥር?

ሲስተር_ከደጋው

ጤና ይስጥልኝ የሙያ ባልደረቦቼ። የምጽፈው ከሰሜን ሸዋ፣ ከጣርማ በር ወደ መንዝ በሚወስደው መንገድ ካለ ጤና ጣቢያ ነው። እዚህ ሳል ይዞት የመጣ ሰው ወይ ኒሞኒያ ተብሎ አንቲባዮቲክ ይሰጠዋል፣ ወይ አክታው ታይቶ የቲቢ መድኃኒት ይጀምራል። የሚያሳስበኝ አክታቸው ነጻ ሆኖ በራጅ ብቻ ቲቢ ተብለው የጀመሩት ናቸው። ከእነሱ መካከል ክብደታቸው እየቀነሰ፣ ትንፋሻቸው እያጠረ ስድስቱን ወር የሚጨርሱ አሉ። ደብረ ብርሃን ተልከው ሲቲ ስካን ሲነሡ ሳንባቸው ላይ ዕጢ ይገኛል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ተሠራጭቷል ይባላሉ።

ጤና ጣቢያ ላይ ሆነን መቼ ነው መጠርጠር ያለብን? ሪፈር ወረቀቱ ላይስ ምን ቢጻፍ ነው ሥራ የሚያቀለው? ቤተሰብ «አዴኖካርሲኖማ» ወይም «ስሞል ሴል» የሚል ውጤት ይዞ መጥቶ ትርጉሙን ሲጠይቀን ምን እንበል? አብዛኞቹ እናቶች ሲጋራ በአፋቸው ዞሮ አያውቅም፤ ዕድሜያቸውን ያሳለፉት በኩበትና በእንጨት ጢስ ውስጥ ነው። ምክንያቱ ጢሱ ነው ብለን ማስተማር እንችላለን? ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) ጀምረው ወደ ቀያቸው የተመለሱት ሲታመሙ የሚመጡትም እኛው ጋ ነው፤ እነሱን እንዴት እንያዝ?

የደረት_ሐኪም

ሲስተር፣ ከመጀመሪያው ልጀምር። አክታው ነጻ የሆነ ሰው በሐኪም ውሳኔ የቲቢ መድኃኒት መጀመሩ ስሕተት አይደለም። ስሕተቱ ከተጀመረ በኋላ መድኃኒቱ መሥራቱን ሳያዩ መቀጠሉ ነው። እውነተኛ ቲቢ ከሆነ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ትኩሳቱና የሌሊት ላቡ ይቀንሳል፣ የምግብ ፍላጎት ይመለሳል፤ ሁለት ወር ሲሞላ ሚዛኑ ከፍ ማለት አለበት። ሁለተኛው ወር ላይ አራቱን መድኃኒት ወደ ሁለት ከመቀየራችሁ በፊት ሰውየውን መዝኑት፣ ከመጀመሪያው ቀን ሚዛን ጋር አስተያዩት፣ ራጁም ይደገም። ሚዛኑ ከወረደ ወይም ራጁ ላይ ያለው ጥላ ከሰፋ ሁለት ነገር ይጠረጠራል፤ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ወይም ካንሰር። ሁለቱም ጤና ጣቢያ ላይ የሚፈቱ ስላልሆኑ በዚያው ሳምንት ሪፈር ይጻፍ።

ኒሞኒያም እንዲሁ ነው። ዕድሜው ከ40 በላይ የሆነ ወይም የሚያጨስ ሰው በአንቲባዮቲክ ቢሻለው እንኳ በ6 ሳምንቱ ራጅ ይደገምለት። ያው ቦታ ላይ ሁለተኛ ጊዜ ኒሞኒያ ከታየ የአየር ቧንቧውን የዘጋ ነገር አለ ብላችሁ ተነሡ፤ ከተዘጋው ቧንቧ ጀርባ የተጠራቀመ አክታ ነው ደጋግሞ የሚመረቅዘው። ራጅ ነጻ ነው መባልም አያዘናጋ። ከልብ ጀርባ፣ ከብርብራት አጥንት (ከአንገት ሥር ወደ ትከሻ ከሚሄደው አጥንት) ሥርና ከድያፍራም (ደረትን ከሆድ ከሚለየው ጡንቻ) በታች የተደበቀ ዕጢ በራጅ ላይታይ ይችላል። ደም የቀላቀለ አክታ ካለ ራጁ ነጻ ቢሆንም ሲቲ ያስፈልጋል።

ጂን ኤክስፐርት የሚባለው የአክታ ምርመራ ቲቢ አለ ካለ ካንሰር የለም ማለት አይደለም። ሁለቱ አንድ ሳንባ ላይ አብረው ይገኛሉ፤ የድሮ የቲቢ ጠባሳ ራሱ ካንሰር የመነሣቱን ዕድል ይጨምራል።

በእጅና በዓይን የሚታዩትን ደግሞ አትለፏቸው። የሁለቱን እጅ ሌባ ጣቶች ጥፍር ለጥፍር ጀርባና ጀርባ አጋጥሙና ወደ ብርሃን ያዙት። በጤነኛ ሰው በጥፍሮቹ ሥር መካከል ትንሽ የአልማዝ ቅርጽ ያላት ክፍተት ትታያለች። ክፍተቷ ጠፍታ ጥፍሩ እንደ ማንኪያ ጀርባ ከተነፋ፣ ጣቱም ጫፉ ላይ ከወፈረ፣ ደረት ውስጥ የቆየ ችግር አለ፤ ሳንባ ካንሰር አንዱ ነው። ቀጥሎ ከብርብራት አጥንት በላይ ያለውን ጎድጓዳ በጣት ዳስሱ። እዚያ ጠጣር ንፍፊት ከተገኘ ብዙ ጊዜ ናሙና በቀላሉ የሚወሰደው ከዚያው ነው። ከሦስት ሳምንት በላይ የሰለለ ድምፅ፣ ጠዋት የሚብስ የፊትና የአንገት እብጠት፣ በአንድ ወገን የወደቀ የዓይን ሽፋን፣ «ብርድ መታኝ» ተብሎ ወራት የታሸ የትከሻ ሕመም ወደ ክንድ ከወረደ፣ እነዚህ ሁሉ ከሳንባ ጫፍ ወይም ከደረት መካከል ሊነሡ ይችላሉ።

ሪፈሩ ላይ የሚያስፈልገኝ ረጅም ታሪክ አይደለም። የቲቢ መድኃኒት የተጀመረበት ቀን፣ በየቀጠሮው የተመዘነው ሚዛን፣ የጂን ኤክስፐርት ውጤት ከነቀኑ፣ የኤችአይቪ ውጤት፣ በቀን ስንት ሲጋራ ለስንት ዓመት፣ የሚወስደው ደም ማቅጠኛ ካለ። የድሮውን ራጅ ፊልም ቤት እንዳይተዉት ንገሯቸው፤ የዓመት በፊቱ ፊልም ከዛሬው ጎን ሲቀመጥ ጥላው ማደጉን ከየትኛውም ቃል በላይ ይናገራል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ያላቸውም ደረጃውን ጠብቀው ማኅተም ያለው ሪፈር ካልያዙ ሆስፒታሉ ከኪስ ያስከፍላቸዋል።

አንድ ለእኛ አገር ብቻ የሚሆን ነገር ልጨምር። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ሸዋ ሮቢት ግን 1,300 ገደማ። ሸዋ ሮቢት ላይ የደሙ ኦክስጅን 90 በመቶ ያለ በሽተኛ ዳገቱን ሲወጣ በጣም ይወርድበታል። ቆላ ላይ በተለካ ቁጥር ተማምናችሁ ያለ ኦክስጅን አትላኩት።

ፓቶ_ላብ

ስለ ካንሰሩ ዓይነት እኔ ልመልስ። በሌንስ ሥር መጀመሪያ የሚለየው ስሞል ሴል ነው ወይስ አይደለም የሚለው ነው። ከመቶው 15 ያህሉ ስሞል ሴል ነው፣ 85 ያህሉ ደግሞ ስሞል ሴል ያልሆነ። ስሞል ሴል ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ከሲጋራ ጋር የተያያዘ ነው፤ በፍጥነት ያድጋል፣ ቶሎ ይሠራጫል፣ ከሦስቱ በሽተኞች ሁለቱ ሲታወቅላቸው ከደረት ወጥቷል። አጭሳ የማታውቅ እናት ስሞል ሴል ተብላ ከመጣች ስላይዱ ዳግመኛ እንዲታይ ብትጠይቁ አልቃወምም።

ስሞል ሴል ካልሆነው ውስጥ ትልቁ ድርሻ የአዴኖካርሲኖማ ነው። ብዙ ጊዜ ከሳንባው ዳር ላይ ይነሣል፤ በማያጨሱ ሰዎችና በሴቶች ላይ ጎልቶ የሚታየውም እሱ ነው። ዳር ላይ ስለሆነ ሳል ሳያመጣ ይቆይና ሳንባ ሽፋን ውስጥ ውሃ ቋጥሮ ይገለጣል። ስኳመስ የሚባለው መካከል ላይ፣ ትልልቅ ቧንቧዎች አጠገብ ይነሣል፤ ያጨሱ ሰዎች ላይ ይበዛል፣ ደም ያስተፋል፣ መሐሉ በስብሶ ካቪቲ (ባዶ ጉድጓድ) ይሠራል። ያ ካቪቲ ነው ከቲቢ ጋር የሚያምታታው፤ የካንሰሩ ግድግዳ ግን አብዛኛውን ጊዜ ወፍራምና ወጣ ገባ ነው። ላርጅ ሴል ቁጥሩ አነስተኛ ነው።

ልዩነቱ ለምን ያስፈልጋል? አንዳንዱ መድኃኒት ለአንዱ ሲሠራ ለሌላው አይሠራም። ፔሜትሬክሴድ ለአዴኖካርሲኖማ እንጂ ለስኳመስ አይሰጥም። ቤቫሲዙማብ ስኳመስ ላይ ከባድ የሳንባ ደም መፍሰስ ያመጣል። ስለዚህ «ካንሰር ነው» የሚል ወረቀት ብቻ ይዞ አዲስ አበባ መሄድ ግማሽ መንገድ ነው።

አሁን የናሙናውን ነገር፤ ብዙ ጉዳይ የሚበላሸው እዚህ ነው። ሥጋው ወዲያው 10 በመቶ ፎርማሊን (ከመበስበስ የሚጠብቅ ፈሳሽ) ውስጥ መግባት አለበት፤ ፈሳሹ ከናሙናው ዐሥር እጥፍ ይሁን። በሳላይን (በጨው ውሃ) ተይዞ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ለማደር የተላከ ናሙና ሴሉ ይፈርሳል፤ ከዚያ ወዲያ ቀለም ቢቀቡት የሚነበብ ነገር የለም። ፎርማሊን ውስጥም ከ6 እስከ 72 ሰዓት ነው የሚፈለገው። ሳምንት ከከረመ የጂን ምርመራ አይቀበልም። ሳንባ ሽፋን ውስጥ ውሃ ካለ ቢያንስ 50 ሚሊ ሊትር ለሴል ምርመራ ይላክ፤ በ5 ሚሊ የመጣ ናሙና «አልተገኘም» ቢል አይታመንም። አንድ ጊዜ ሲመረመር ካንሰር ካለባቸው ውስጥ 60 በመቶ ያህሉን ነው የሚያገኘው፤ ሁለተኛ ጊዜ መድገም ይጨምራል፣ ሦስተኛው ብዙም አይጠቅም፤ ከዚያ ከሽፋኑ ላይ ሥጋ መውሰድ ይሻላል። ውሃው ገለባ መልክ ይሁን ደም የቀላቀለ፣ በዓይን አይቶ ቲቢ ነው ካንሰር ነው ማለት አይቻልም።

ለቤተሰብ በጣም አስረግጣችሁ የምትነግሩት፦ የሰም ብሎኩ፣ ማለትም ናሙናው በሰም ውስጥ ተቀብሮ የሚቀመጥበት ቁራጭ፣ ንብረታቸው ነው። ውጤት የጻፈው ላብራቶሪ ብሎኩን እንዲያስቀምጥላቸው ወይም በፊርማ እንዲሰጣቸው ይጠይቁ። ከወር በኋላ የኢጂኤፍአር ወይም የኤኤልኬ የሚባል የጂን ምርመራ ሲታዘዝ ከዚያው ብሎክ ይቆረጣል፤ ብሎኩ ከጠፋ ሰውየው ዳግም መርፌ ይወጋል።

የወረዳ_ጤና

ስለ ጢሱ ጥንቃቄ ያለው መልስ ይሻላል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ቤት ውስጥ የሚነድ የድንጋይ ከሰል ጢስን ካንሰር አምጪ መሆናቸው ከተረጋገጠው ከምድብ 1 አስገብቶታል። የእንጨትና የመሰል ባዮማስ ጢስ ግን ምድብ 2ኤ ነው፤ ካንሰር የማምጣቱ ነገር ሚዛን ይደፋል ማለት ነው። ስለዚህ «ጢስ ለሳንባ ካንሰር ያጋልጣል» ብላችሁ አስተምሩ፤ አንዲት የታመመች እናት ፊት ቆማችሁ «ያመጣብሽ ኩበቱ ነው» ግን አትበሉ። የአንድ ሰው ካንሰር ከየት እንደመጣ ማንም ሊነግራት አይችልም፤ ጸጸት ጨምሮባት ከመሄድ ሌላ ጥቅም የለውም። ጢሱ ሥር የሰደደ የመተንፈሻ ቧንቧ ሕመምና የሕፃናት ኒሞኒያ ማምጣቱ ግን ምንም አያከራክርም።

የእኛ ደጋ ደግሞ የራሱ ችግር አለው። ብርዱ ስለሚከብድ ቤቱ መስኮቱ ጠባብ ነው፣ እሳቱ ለምግብ ብቻ ሳይሆን ለሙቀትም እስከ ሌሊት ይነዳል። ከሁሉ የከፋውን ጢስ የሚቀበሉት እንጀራ ጋጋሪዎችና አረቄ የሚያወጡ እናቶች ናቸው፤ አረቄ ሲወጣ እሳቱ ለሰዓታት አይጠፋም፣ እናትየዋም ከጎኑ አትነሣም። እርጥብ ኩበትና የባሕር ዛፍ ቅጠል ሲደባለቅ ጢሱ ይበዛል። «ምርጥ» የሚባለው ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ማገዶውን በግማሽ ያህል ይቀንሳል፤ ጭስ ማውጫ ከሌለው ግን የቀረው ጢስ እዚያው ክፍሉ ውስጥ ነው የሚቀረው። ጭስ ማውጫ የሚገጥም ሰው ቱቦው 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ይኑረው፣ ከጣሪያው በላይ ወጥቶ ክዳን ይደረግለት፣ በየወሩ ጥላሸቱ ይራገፍ። የባሕር ዛፍ ቅጠል ቅጥራን ስለሚያዝል ቱቦውን ቶሎ ይዘጋዋል፤ ሲዘጋ ጢሱ ይመለሳል፣ ሴትዮዋም «ምድጃው አይረባም» ብላ ታፈርሰዋለች። ሣር ክዳን ቤት ላይ ቱቦው ክዳኑን እንዳይነካ በቆርቆሮ ይከለል።

ሲጋራውንም አንርሳ። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የአዋቂዎች የትንባሆ ጥናት ተጠቃሚው 5 በመቶ ያህል ነበር፣ ወንዶቹ 8 በመቶ ገደማ። ጥቂት ቢሆኑም ለእነሱ ከሁሉም የሚበልጠው አደጋ ያው ሲጋራው ነው። ጋያና ሺሻ «በውሃ ስለሚያልፍ ይጣራል» የሚባለው ውሸት ነው። ስትጽፉ በፓኬት ዓመት አስሉት፤ በቀን 10 ሲጋራ ግማሽ ፓኬት ነው፣ ለ30 ዓመት ሲባዛ 15 ይሆናል። ያቆመ ሰው በ10 ዓመቱ አደጋው ወደ ግማሽ ይወርዳል። በዐዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቤት ውስጥ ማጨስም ሆነ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መሸጥ ክልክል ነው፤ ጠላና አረቄ ቤቶች ላይ ይህንን የሚያስከብር ግን ብዙም አይታይም።

ለሳንባ ካንሰር የሚያጋልጡትን ሌሎቹን በአጭሩ፦ ድንጋይ የሚጠርቡና የሚፈልጡ ሰዎች የሚምጉት የሲሊካ አቧራ፣ አስቤስቶስ፣ የናፍጣ ጢስ፣ ከመሬት የሚወጣ ሬዶን ጋዝ፣ ከዚህ በፊት ደረት ላይ የተሰጠ ጨረር፣ ኤችአይቪ፣ በቤተሰብ የሳንባ ካንሰር መኖር። ለድንጋይ ጠራቢ ጨርቅ አፍ ላይ ማሰር አይበቃም፤ ድንጋዩን አርጥቦ መጥረብ ነው አቧራውን ከምንጩ የሚቀንሰው።

ሲስተር_ከደጋው

እግዚአብሔር ይስጥልን። ቤተሰቦች «ለምን ቀዶ ሕክምና አይሠሩላቸውም፣ ተስፋ ቆርጠውባቸው ነው» ብለው ይቆጣሉ። ይኼንን እንዴት እናስረዳቸው?

ኦንኮ_ሐኪም

የሚቆጡት ባለማወቅ አይደለም፤ ማንም አልነገራቸውም። እንዲህ ብላችሁ ጀምሩ፦ ቀዶ ሕክምና የሚጠቅመው ዕጢው ገና ሳንባው ላይ ብቻ ሲሆን ነው። ጉበት ወይም አጥንት የደረሰ ካንሰርን ሳንባ በመቁረጥ ማሳደድ አይቻልም፤ በሽተኛው ቁስል ሲያክም መድኃኒት የሚወስድበት ጊዜ ያልፋል። ለዚህ ነው ከሕክምና በፊት የደረትና የላይኛው ሆድ ሲቲ፣ እንደሁኔታው የጭንቅላት ምርመራ የሚታዘዘው። ያለ ደረጃ ማወቅ የተጀመረ ሕክምና በጭለማ መተኮስ ነው።

ስሞል ሴል ላልሆነው፣ አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ከሆነ ዕጢው ያለበት የሳንባ ክፍል ይወጣል። ቀኝ ሳንባ ሦስት ክፍል አለው፣ ግራው ሁለት፤ አንዱ ቢወጣ ሰው ይኖራል፤ የሚቀረው ሳንባ መሸከሙን ግን አስቀድሞ በትንፋሽ መለኪያ ማረጋገጥ ግድ ነው። ለዓመታት ጢስ የማገ ሳንባ እዚህ ላይ ይወድቃል። የሚያጨስ ሰው ቢያንስ 4 ሳምንት ቀድሞ ማቆም አለበት፤ ካላቆመ ከቀዶ በኋላ ኒሞኒያና ቁስል አለመግጠም ይከተላል። ቀዶ የማይችል ሰው ዕጢው ትንሽ ከሆነ በጥቂት ቀናት የሚያልቅ ያነጣጠረ ጨረር አለ፤ ይኸኛው ማሽንና ባለሙያ ይጠይቃል።

ሦስተኛ ደረጃ ላይ ኬሞና ጨረር አብረው ይሰጣሉ፤ ጨረሩ 60 ግሬይ (ግሬይ የጨረር መለኪያ ነው) ያህል በ30 ቀን ተከፋፍሎ፣ በሳምንት አምስት ቀን፣ ስድስት ሳምንት። ከመንዝ ለሚመጣ ሰው ይህ ማለት አዲስ አበባ ስድስት ሳምንት ማደሪያ ማለት ነው። ለዓመታት በአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ማዕከል የነበረው ጥቁር አንበሳ ወረፋው ይታወቃል። ስለዚህ የት እንደሚያርፉ፣ ማን እንደሚያስታምም ከጅምሩ ይታሰብ። ጨረር መሐል ላይ አቋርጦ ለበዓል አገር ገብቶ መመለስ የሕክምናውን ጉልበት ይገድለዋል፤ ከጀመሩ ማቋረጥ የለም።

አራተኛ ደረጃ ላይ ዓላማው ዕድሜ ማራዘምና ሥቃይ ማቅለል ነው፤ ይህንን ሳይሸፋፍኑ መናገር ያስፈልጋል። ካርቦፕላቲንና ፓክሊታክሰል በየ21 ቀኑ ከ4 እስከ 6 ዙር የተለመደው ነው። አዴኖካርሲኖማ ከሆነና የኢጂኤፍአር ለውጥ ከተገኘ ግን በአፍ የሚዋጥ መድኃኒት ከኬሞ በፊት ይመረጣል፤ ጌፊቲኒብ 250፣ ኤርሎቲኒብ 150 ወይም ኦሲመርቲኒብ 80 ሚሊ ግራም፣ በቀን አንድ ጊዜ። ኤርሎቲኒብ በባዶ ሆድ ነው፤ ከምግብ አንድ ሰዓት በፊት ወይም ሁለት ሰዓት በኋላ። ሲስተር፣ እዚህ ላይ እናንተን የሚመለከት ትልቅ ነገር አለ፦ ከቲቢ መድኃኒቶቹ አንዱ የሆነው ሪፋምፒሲን እነዚህን ሦስቱንም መድኃኒቶች በጉበት በኩል አፋጥኖ ያስወጣቸዋል፣ ደም ውስጥ የሚቀረው በጣም ትንሽ ነው። «ቲቢም ሊሆን ይችላል» ተብሎ ያለማስረጃ የቀጠለ የቲቢ መድኃኒት የካንሰሩን ክኒን ከንቱ ያደርገዋል። ኦሜፕራዞልም የጌፊቲኒብንና የኤርሎቲኒብን መመጠጥ ይቀንሳል፤ ለጨጓራ ብላችሁ ስታዙ ጠይቁ። የበሽታ መከላከያን የሚያነቃቁት እንደ ፔምብሮሊዙማብ ያሉትም አሉ፤ ዋጋቸው ግን ለአብዛኛው ቤተሰብ የማይቀመስ ነው። የሚሸጥ ንብረት ካለ ከመሸጡ በፊት መድኃኒቱ ይጠቅም እንደሆነ የሚጠቁመው ፒዲ-ኤል 1 የሚባለው ምርመራ ይሠራ፤ ውጤቱ ሳይታይ በሬ መሸጥ የለበትም።

ስሞል ሴል ላይ ቀዶ የሚሠራው ገና በጣም ትንሽ ሆኖ ለተገኘ ጥቂት ሰው ነው። ሕክምናው ሲስፕላቲን ወይም ካርቦፕላቲን ከኢቶፖሳይድ ጋር ነው፤ በሽታው በአንድ ወገን ደረት ከተወሰነ ጨረር ይጨመራል። ያለ ሕክምና በወራት ውስጥ ይገድላል፤ ኬሞው ሲጀመር ግን ብዙዎቹ ላይ በፍጥነት ይሟሽሻል፣ የተዘጋ ትንፋሽ በሳምንታት ውስጥ ይከፈታል። ያው መልሶ ይመጣል። ስለዚህ ስሞል ሴል የሚል ወረቀት ካያችሁ የወር ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ሳምንት ይላክ።

አጥንት ላይ ደርሶ ለሚያሠቃይ ሕመም አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ 8 ግሬይ ጨረር ከብዙ ቀኑ ባልተናነሰ ያስታግሳል። ቤተሰቡ ከሩቅ መምጣቱን ተናግሮ በአንድ ቀን እንዲያልቅለት ይጠይቅ።

ነርስ_ኬሞ_ክፍል

ወደ ቀያቸው ስለተመለሱት እኔ ልጨምር። ከኬሞ በኋላ አደገኛው ጊዜ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ነው፤ ነጭ የደም ሴል የሚወርደው ያኔ ነው። አንድ ጊዜ 38.3፣ ወይም ለአንድ ሰዓት 38.0 የቆየ ትኩሳት ድንገተኛ ነው። ሌላ ምንም ምልክት ላይኖር ይችላል፤ መግል የሚሠራው ሴል ስለሌለ ቁስሉም አይመግልም፣ ራጁም ነጻ ሊመስል ይችላል። ሳይለኩ ፓራሲታሞል መዋጥ ትኩሳቱን ይደብቃል፣ ስለዚህ ቴርሞሜትር ከኬሞ ወረቀቱ ጋር ቤት ይኑር። እናንተ ጋ ሲደርስ የመጀመሪያው አንቲባዮቲክ በአንድ ሰዓት ውስጥ በደም ሥር ይግባ። ሴፍትሪያክሶን ሁሉንም ጀርም አይሸፍንም፤ ያላችሁ እሱ ከሆነ ግን ሰጥታችሁ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ላኩ፣ አምቡላንስ እስኪመጣ አትጠብቁ። ሲስፕላቲን ለወሰደ ሰው ጄንታማይሲንና ዲክሎፌናክ ኩላሊት ይጎዳሉ። በዚያ ሳምንት ጡንቻ ላይ መርፌ መውጋትም ደም ማቆም ስለሚያስቸግር ይቅር።

ደም በብዛት የሚተፋ ሰው በሽታው ባለበት ጎን ይተኛ፤ ደሙ ጤነኛው ሳንባ ውስጥ እንዳይወርድ ነው። እግር መዛል፣ ሽንት መያዝ፣ አዲስ የጀርባ ሕመም አንድ ላይ ከመጡ ዕጢው አከርካሪውን እየተጫነ ሊሆን ይችላልና በዕለቱ ይላክ። እየሄደ የደረሰ ሰው ብዙ ጊዜ እየሄደ ይኖራል፣ እግሩ ከዛለ በኋላ የደረሰ ግን መመለሱ ያጠራጥራል። ሳንባ ሽፋን ውስጥ ያለ ውሃ ሲቀዳ በአንድ ጊዜ ከ1.5 ሊትር አይለፍ፤ ደረት ከከበደው ወይም ማሳል ካበዛ ከዚያም በታች ይቁም።

ሞርፊን የሚዋጥ ከታዘዘ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቢሳኮዲል (ሆድ የሚያለሰልስ ክኒን) አብሮ ይሁን፤ ሆድ ድርቀቱን ሰውነት ስለማይለምደው ብዙ ሰው ሕመሙን ትቶ መድኃኒቱን የሚያቆመው በእሱ ነው። ሞርፊን በአነስተኛ መጠን ሲሰጥ ትንፋሽ ማጠርንም ያቀላል፤ «ይገድላል» የሚለውን ወሬ በትዕግሥት አስረዱ።

ምግብና ጾም፦ ከኬሞ ጋር ዕንቁላልና ወተት ይጠቅማል፣ በሁዳዴም ቢሆን። የንስሐ አባት ስለ ሕመሙ ሲነገራቸው ይፈታሉ፤ እናንተ ከምትናገሩት እሳቸው ቢናገሩ ይሰማል። አልፈታም ካለ ሽሮ፣ ምስር፣ ኦቾሎኒ፣ የሱፍና የተልባ ፍትፍት ደጋግሞ በትንሽ በትንሹ። ኮሶ ግን በኬሞ ወቅት በፍጹም አይጠጣ።

ሲስተር_ከደጋው

ጠበልስ? ጻድቃኔ ማርያምና ሸንኮራ ዮሐንስ ሱባኤ ገብተው ቀጠሮ የሚያልፋቸው ብዙ ናቸው። ሌላው፣ «ናሙናው በቂ አይደለም» የሚል ወረቀት ይዘው የተመለሱም አሉን።

ነርስ_ኬሞ_ክፍል

አትከልክሏቸው፣ ቀኑን ምረጡላቸው። የ21 ቀን ዙር ላይ ከሆነ ከ15ኛው ቀን በኋላ ሴሉ እያገገመ ስለሚሄድ ሦስተኛው ሳምንት ይሻላል፤ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ ግን ሰው በተጨናነቀበት አዳራሽ ማደርም፣ በብርድ መጠመቅም፣ ያልፈላ ውሃ መጠጣትም ይቆይ። ክኒን የሚወስድ ሰው ክኒኑን ይዞ ይሂድ፤ ጠበል ላይ መድኃኒት አይወሰድም የሚሉ ካሉ ከሱባኤው በፊት ከካህኑ ጋር ይነጋገር። የሚቀጥለው ኬሞ ቀን ወረቀቱ ላይ በትልቁ ተጽፎ አስታማሚው ኪስ ይሁን።

ፓቶ_ላብ

«በቂ አይደለም» ማለት ካንሰር የለም ማለት አይደለም፤ መርፌው የሞተ ሥጋ ወይም ደም ብቻ አምጥቷል ማለት ነው። የዕጢው መሐል ስለሚበሰብስ ሁለተኛው ናሙና ከዳሩ ይወሰድ፣ በቀጭን መርፌ ፈንታ በኮር መርፌ (ወፈር ያለና የሥጋ ቁራጭ የሚያወጣ)፣ ቢያንስ ሦስት አራት ቁራጭ። ዋርፋሪን የሚባለውን ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ከሆነ በሐኪም ትእዛዝ 5 ቀን ቀድሞ ያቁም። ከተወሰደ በኋላ ራጅ ሳይነሣ ወደ ቤቱ አይሄድ፤ አየር ሳንባ ሽፋን ውስጥ ሊገባ ይችላልና ዳገት ያለው መንገድ ላይ ተሳፍሮ ቢታወቅ ያስቸግራል። ከመላኩ በፊት ግን አንገቱን ደግማችሁ ዳስሱ፤ እዚያ ንፍፊት ካለ ሁለተኛው ናሙና ደረት መወጋት ላያስፈልገው ይችላል።